ከኤላ እስከ ጂ ፕላስ

በቦረና ሜዳ ላይ በቁመቱ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ኩይሳ ነው። በያቤሎና በነገሌ አቅጣጫ ሲኬድ ከግራሩ መሀል እንደ ቀይ የጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። ብዙው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አጠገቡ ጎጆ ቢኖር ጎጆዋ ታንሳለች። ምስጡ ሳይት ፕላን አላስነሳ፣ የግንባታ ፈቃድ አልጠየቀ። በዚያ አገር የኖረ ሰው ግን ወደ ላይ ለመሥራት ለረጅም ዘመን አልቸኮለም። ጉልበቱን ያፈሰሰው ወደ ታች ነበር።

የቦረና ሰው የውኃ ጉድጓድን ኤላ ይለዋል። «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ዘጠኝ ተብለው ይቆጠራሉ፤ ዱብሉቅ፣ ዌብና ጋዮ ከነሱ መካከል ናቸው። በእጅ ተቆፍረው አፈርና ድንጋይ ሰንጥቀው የወረዱ ናቸው። ከብቱ ቁልቁል በተቆረጠ ሰፊ መንገድ ወርዶ ገንዳው ዘንድ ይቆማል። ከገንዳው በታች ደግሞ ጎልማሶች በግንድ መሰላል ላይ፣ የአንዱ እግር ከሌላው ራስ በላይ ሆኖ፣ ተሰልፈው ይቆማሉ። የታችኛው ቀድቶ ሽቅብ ይሰጣል፤ ያኛው ተቀብሎ ከበላዩ ላለው ያሻግራል፤ ባዶው ዕቃ በዚያው ዜማ ተመልሶ ይወርዳል። የኤላው ጥልቀት የሚነገረውም በሰው ነው፤ ይህን ያህል ሰው የሚቆምበት ይባላል። ዛሬ እኛ «ባለ አራት ፎቅ» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እዚያ ግን ወለሉ ሰው ነው፤ የሚቆጠረውም ወደ ምድር ሆድ።

ይህ ሥራ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ አሁንም አለው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ኮንፊ የራሱ መብት አለው፤ የማን መንጋ በየትኛው ቀን ይጠጣ የሚለውን ተራ አባ ሄሬጋ ይመራል። የደንብ ክርክር ሲከማች በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ላይ ቀርቦ ይመረመራል። ስለ ቤት ቁመት ግን ማንም የተጨቃጨቀ አይመስልም። ቤቱን የምትሠራው ሴት ናት፤ ቅርንጫፉን አጉብጣ፣ ሣሩን አልብሳ። ግጦሹ ሲያልቅ መንደሩ ይነሣል፤ ለሚነሣ ቤት ፎቅ ማን ያስባል?

ከተማ በሚባል መልኩ ሰውን ያሰፈረው ወታደር ነው። ቃሉ ራሱ የጦር ነው፤ ከተመ ማለት ጦሩን ይዞ ሰፈረ ማለት ነበር፤ ከተማም ገዥው የመሸገበት ጉብታ። በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. ገደማ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ጦር ቦረና ደርሶ በየጉብታው ሲከትም ይህ ሥርዓት አብሮ መጣ። ሹሙ ከላይ፣ ጭፍራው በዙሪያው፣ ገበያው ከታች። በዚህ አሠራር የሰውን ከፍታ የሚወስነው ማዕረጉ ነው፤ ቁመቱን ያገኘውም ከኮረብታው እንጂ ከግድግዳው አይደለም። አዲስ አበባ ሰፈሮቿን የመሠረተችው በዚሁ መንገድ ነው፤ የደቡብ ቆላ ከተሞችም ታናናሽ እህቶቿ ናቸው ቢባል አያስቆጣም።

ያኔ ሌላው ዓለም ምን ላይ ነበር? ሀብተ ጊዮርጊስ ቦረና ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ለንደን ማንም ሰው ከ80 ጫማ፣ ማለትም ከ24 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራ በሕግ አገደች። ሰበቡ አንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተ መንግሥቷ ሆና ፓርላማውን እንዳታይ ጋረዳት ተብሎ ይወራል። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1910 የሕንፃውን ቁመት ከመንገዱ ስፋት ጋር አሰረች፤ የመንገዱ ስፋት ሲደመር 20 ጫማ፣ ከዚያ በላይ የለም። የሁለቱም ሕግ ጣሪያ ነበር፤ «ከዚህ በላይ አትውጣ» የሚል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ስምምነት የቦረና ምድር ለሁለት ተከፈለ። ሞያሌ የድንበር ከተማ ሆነች፤ ሜጋ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ። ነገሌም በጦርና በንግድ መንገድ ላይ፣ የገናሌንና የዳዋን አገር አሻግራ እያየች አደገች። ቤቷ የዋግራና የጭቃ ነው፤ ቆርቆሮ ያገኘ ቆርቆሮ፣ ያላገኘ ሣር። ለቆላ ቤት ጠላቱ ዝናብ አይደለም፤ ዋግራውን ከሥሩ የሚቀረጥፈው ያው የሜዳው ምስጥ ነው።

ከዚያ ጥር 1928 ዓ.ም. መጣ። በሶማሊያ በኩል የዘመተው ጄኔራል ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶሪያ በአውሮፕላንና በመኪና ደብድቦ፣ በጥምቀት ሰሞን ነገሌን ያዘ። በዚህም ድል «የነገሌ ማርኬዝ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። እንዲህ ያለው ማዕረግ ከጥንት ቤተ መንግሥት ወይም ከግንብ ስም ይወሰዳል፤ የእሱ ግን በጭቃ ቤቶችና በአንድ ጦር ሰፈር ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢትዮጵያዊው ግን የግራዚያኒን ስም የሚያነሣው ስለ ማዕረጉ አይደለም፤ የካቲት 12ን ስለሚያስታውስ ነው።

ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ለደቡቡ ብዙ ፎቅ አልተወለትም። የተወው ቃላት ነው። ዛሬ ነገሌ ውስጥ፣ ያቤሎ ውስጥ፣ ፊልቱ ውስጥ አንድ ግንበኛ አፉን ሲከፍት ሶሌታ፣ ፌሮ፣ አርማታ ይላል፤ ሦስቱም የጣሊያን ናቸው። ቃሉ ከመጣ በኋላ ሲሚንቶው እስኪከተለው በርካታ ዓመት ፈጀ። ሜጋ ላይ ያሠሩትን ምሽግ በየካቲት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የዘመቱ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከነጦሩ ማረኩት።

በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። ለከተማው ሰው የዘመኑ ትልቅ ለውጥ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ቤት ለመሥራት የሚጠየቀው ሹም ኮረብታ ላይ የከተመው ሳይሆን ማህተም ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የመሬት ባለቤትነት ለመሬቱ መጠቀሚያ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ወደ ላይም ይዘልቃል አለ፤ ፎቅ በፎቅ ተከፋፍሎ ስለሚያዝ የጋራ ሕንፃም አንቀጾች አኖረ። አዲስ አበባ እነዚህን አንቀጾች የምትፈልግበት ጊዜ ቀርቦ ነበር፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ማዘጋጃ ቤትም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ነገሌ ግን ከዋና ከተማው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ በክብረ መንግሥት መንገድ እየተጫነ የሚደርስባት የጦር ከተማ ነበረች። በዚያ መንገድ የሚጫን ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋው ራሱ የከፍታ ገደብ ነው። እንዲህ ያለውን ገደብ ማንም አላወጀውም፤ ማንም ግን አልጣሰውም።

ቀጥሎ የምተርከው የሕንፃ ታሪክ አይመስልም፤ ነው ግን።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የነገሌ ጦር ሰፈር ተራ ወታደሮችና የበታች ሹሞች አመፁ። ምግቡ የማይበላ ነበር፤ ቁርጥ ምክንያቱ ግን ውኃ ነው። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሩ ከዚያ ልቅዳ ቢል ከለከሉት። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አጣሩ ብለው ላኳቸው። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው፤ ጄኔራሉም ታመሙ። ወሬው በሬዲዮ ወደ ሌሎቹ የጦር ክፍሎች ሄደ፤ የካቲት ላይ አሥመራ ያለው ክፍለ ጦር ተነሣ፤ ዓመቱ ሳይዞር የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ዙፋን ወደቀ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነሡ ስለ ጦሩ ብሶትና ስለ ዘመኑ ቀውስ ያወራሉ፤ ልክ ናቸው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፓምፑ ነው። በኤላው ዘንድ ተራ የሚመራ አባ ሄሬጋ አለ፤ ሀብታሙም ድሃውም በተራው ይጠጣል። በጦር ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ማዕረግ ነበር። በዚህ ምድር ውኃን ሽቅብ ማውጣት ከመንግሥት ጋር የሚያጋጭ ጉዳይ መሆኑን የነገሌ ሰው ከማንም ቀድሞ አይቶታል።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ፣ አንድ መኖሪያ ቤት። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ገባ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። በዚህ አዋጅ ውስጥ ስለ ሕንፃ ቁመት የሚናገር ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ ለአሥራ ምናምን ዓመት ከእሱ የበለጠ ጣሪያ ዝቅ ያደረገ ሕግ አላውቅም። ሁለተኛ ፎቅ የሚሠራ ሰው ወይ ሊያከራየው ወይ ሊነግድበት ነው። ሁለቱም ከተዘጉበት ከአንድ ወለል በላይ ምን ያደርግለታል? የቀበሌ ቤት የያዘውም ቢሆን የእሱ ላልሆነ ግድግዳ ኖራ እንኳ አይቀባ። ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ሲሚንቶው ቅድሚያ የሚሄደው ወደ መንግሥት ሥራ ነበር።

በደርግ ማብቂያ ዓመታት የብሔራዊ ከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በየክፍለ ሀገሩ ላሉ ከተሞች ማስተር ፕላን መንደፍ ጀመረ። በየማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለቀለም ካርታ መሰቀል የጀመረው ያኔ ነው፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ። ካርታው መሬቱን ወደ ጎን ከፋፈለው። ወደ ላይ ስለሚሆነው የሚናገረው ትንሽ ነበር።

ወደ ላይ መውጣት የመጣው ከሊዝ ጋር ነው። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ ሁለተኛው በ1994፣ ሦስተኛው በ2004። ኪራይ ተፈቀደ፤ ንግድ ተከፈተ፤ የቁም ከብት፣ ጫትና የኬንያ ሸቀጥ የሚያዘዋውር ነጋዴ ገንዘቡን የሚቀብርበት ፈለገ። ሆቴል ተሠራ፤ ምድሩ ምግብ ቤት፣ ላዩ አልጋ። «ጂ ፕላስ ዋን» የሚለው አነጋገር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ደቡብ ገባ። ጂ ማለት መሬቱ ላይ ያለው ወለል ነው፤ ፕላሱ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር። ዛሬ የሰውን ሀብት ለመግለጽ «ጂ ፕላስ ስሪ አለው» ማለት ይበቃል።

በ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ወጣ። በዚህ አዋጅ አንድ ከተማ ሁለት ሰነድ ይኖረዋል። አንዱ የ10 ዓመት ዕድሜ ያለው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ሌላው ከሱ ሥር የሚወጣው የአካባቢ ልማት ፕላን። የሕንፃ ከፍታ ከመንገድ፣ ከቤት ዓይነትና ከአረንጓዴ ቦታ ጋር በስም ተጠቅሶ የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ነው። በዓመቱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ተከተለ፤ 10 ሺሕና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የወጣ ነው። ነገሌ ከዚህ ቁጥር ካለፈች ቆይታለች።

አዋጁ ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፈለው። «ሀ» ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ነው። «ለ» ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚያልፍ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው። «ሐ» ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካ፣ ወይም ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚቆም። ይህችን 12 ሜትር ልብ በሉ። አንዱን ወለል 3 ሜትር ብንይዘው ጂ+3 ልክ 12 ሜትር ላይ ያርፋል፤ የጣሪያ ከለላ ግንብ ስትጨመር መስመሩ ታለፈ። አንዲት ክንድ የማትሞላ ግንብ ባለቤቱን ወደ «ሐ» ትወረውረዋለች፤ ከዚያ ምድቡ የሚጠይቀው ባለሙያም፣ ንድፍም፣ ወጪም ሌላ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው በአዋጁ «የሕንፃ ሹም» ይባላል። ሹም የሚለው ቃል ከኮረብታው ወርዶ ቢሮ ገባ ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው እንደ ማንኛውም አገር ነው። የእኛው ልዩነት የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። ለንደንና ዋሽንግተን ከፍታን ሲወስኑ ጣሪያ አወጡ ብያለሁ። የእኛ ከተሞች ያወጡት ግን በአብዛኛው ወለል ነው፤ «ከዚህ በታች መሥራት አይቻልም» የሚል። በጋዜጣ የሚወጣ የሊዝ ጨረታ ሠንጠረዥ ያየ ሰው ያውቀዋል። የቦታው ኮድ፣ ስፋቱ፣ አገልግሎቱ፣ መነሻ ዋጋው፣ ከዚያ የሕንፃ ከፍታ የምትል ዓምድ አለች። በዋና መንገድ ዳር ያለ ቦታ ጂ+2 ወይም ጂ+4 ተብሎ ይቀመጣል፤ መነሻ ነው፣ መድረሻ አይደለም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መሬት ውድ ነው፤ የመንግሥት ነው፤ ከተማ ወደ ጎን ሲንሰራፋ መንገድ፣ መብራትና ውኃ ማድረስ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከፍ በል ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ትርጉም አለው። እዚያም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በብዛት ጂ+4 ላይ የቆመው ሰው ያለ ሊፍት በእግሩ የሚወጣው እስከዚያ ስለሆነ ነው።

ቆላ ከተማ ላይ ሲመጣስ? አስፋልት ዳር ያለ አንድ የጭቃ ቤት እንይ፤ የትኛውም የደቡብ ከተማ ውስጥ አለ። ፊት ለፊቱ ሻይ ቤት፣ ጓሮው መኖሪያ። ምስጡ የታችኛውን ማገር ጨርሶታል፤ ግድግዳው ወደ መንገዱ ዘመም ብሎ በግንድ ተደግፏል። ባለቤቲቱ የእድሳት ፈቃድ ስትጠይቅ የምትሰማው መልስ «ፕላኑ አይፈቅድም» ነው፤ እዚህ መስመር ላይ የሚፈቀደው ጂ+2 ነው። ጂ+2 የምትሠራበት ገንዘብ የላትም፤ ቢኖራትም ለሻይ ቤቷ ምድሩ ይበቃታል። ማደስ አይቻል፣ መሥራት አይቻል። ከፍ እንዲል የወጣው ደንብ ዝቅ ያለውን ቤት እንደዘመመ አቆየው።

አቅም ያለው ጎረቤቷ ደግሞ ሌላ መላ አለው። ምድሩን ወለል ይጨርስና ሶሌታውን ደፍቶ ሱቆቹን ያከራያል፤ የኮለኖቹን ፌሮ ግን አይቆርጥም። ሶሌታው ላይ እንደ ሸምበቆ ቆሞ ይቀራል፤ የቆላው ፀሐይና አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብ እያፈራረቁ ያዝጉታል፤ ዝገቱ በነጩ ቀለም ላይ ቡናማ መስመር እየሰራ ይወርዳል። አንዳንዱ ጫፉን በተቆረጠ የላስቲክ ጠርሙስ ይሸፍነዋል። ባለቤቱን ምን እየሠራህ ነው ብትሉት «ጂ ፕላስ ቱ» ይላችኋል፤ ሐሰት አይደለም፣ ፕላኑ ላይ እንደዚያ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች ሰማይ ላይ የሚታየው ዋናው የፕላን ሕግ ምልክት ይህ የቆመ ፌሮ ነው።

ጨክኖ ወደ ላይ የወጣውንም ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ውኃ በቧንቧ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መስመሩ ለምድሩ ወለል ቢደርስ ተመስገን ነው። ስለዚህ ፎቁ ላይ ሮቶ ይወጣል፤ ከታች ሌላ ሮቶ፤ በመካከላቸው ፓምፕ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ያኔ አስተናጋጁ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። አንዱ ከታች አቀብሎ ሌላው ከደረጃው መታጠፊያ ይቀበለዋል። ዜማው ብቻ ቀረ እንጂ ኤላው ተገልብጦ ፎቅ ሆኗል።

አዲስ አበባ በዚህ መካከል ሌላ ቁጥር ውስጥ ገብታ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1999 የወጣውን የሲርት መግለጫ እንዲያስታውስ ተብሎ። ለትርጉም ሲባል የተወሰነ ከፍታ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ200 ሜትር አለፈ። የክልል ከተሞች አስተዳዳሪዎች አዲስ አበባን አይተው ሲመለሱ የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ ቁጥሯን ነው፤ የውኃ መስመሯን ይዞ መምጣት አይቻልም።

እውነተኛ ጣሪያ የሚባል ነገር በደቡቡ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ከተማ ሁሉ አለው። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ ከማረፊያው በላይ በ45 ሜትር ከፍታ የተዘረጋ የማይታይ ገበታ አለ፤ ለትልልቅ ማኮብኮቢያዎች እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ሕንፃ ያንን ሊበሳ አይገባም። ነገሌ ማረፊያ አላት። ግን 45 ሜትር ጂ+14 ገደማ ነው። ጂ+2 አልወጣ ላለው ባለቤት ይህ ክልከላ እንደ በረዶ ክልከላ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ፈጣን ናቸው። ሞያሌ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ክልል የሚያስተዳድራት፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ ድንበር ኬላ ተመረቀላት። በዚያው ዓመት ግን ሐገያ የሚባለው አጭሩ ዝናብ ቀረ። ቀጥሎ ገና የሚሉት ዋናው ዝናብ፤ እንዲህ እያለ እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። መንጋው አለቀ፤ ከብቱን ያጣው አርብቶ አደር ወደ ዱብሉቅና ወደ ያቤሎ ዙሪያ መጥቶ በሸራ ሰፈረ። የከተማ ፕላን የማያውቀው ወለል ነው ይህ፤ ከጂ በታች ያለው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም ነገሌ ዋና ከተማ ተባለች፤ ውሳኔው በጉጂ በኩል ተቃውሞ አስነሣ። ዞን ማለት ቢሮ ነው፤ ቢሮ ማለት ሠራተኛ፣ ሠራተኛ ማለት ኪራይ ቤት። ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ አስፋልት ዳር ያለውን ቤት ሁሉ ቁመቱንና ቀለሙን ይጠይቀዋል።

ነገሌ፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ውስጥ ቦታ ልትገዙ ወይም የአባታችሁን ቤት ልታድሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካርታውን ብቻ አይታችሁ አትፈራረሙ። ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ የአካባቢ ልማት ፕላኑን አሳዩን በሉ፤ የሕዝብ ሰነድ ነው። የከፍታውን ዓምድ ፈልጉና ቁጥሩ መነሻ ይሁን መድረሻ ጠይቁ፤ በምዕራፍ መሥራት ይፈቀድ እንደሆነም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ወጥታችሁ ጎረቤቱን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?